ጣራው ላይ ያለውን አንቴና ገና አትጣሉት

ይህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ብዙ ሰው "ጻፈው" ስላለኝ ጻፍኩት። አነጋገሬን ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። የተሰጠኝ ጊዜ ቡናው እስኪፈላ ነው፣ ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። አሮጌ ቤት ገዝቶ ጣራው ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና ያገኘ ማን አለ? እሺ፣ ብዙ ናችሁ። አውርዶ የጣለውስ? አየሁ። እናንተን አልወቅስም፣ እኔም ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። ቤታችንን የገዛን ሰሞን ጣራ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ የጭስ ማውጫው ላይ የታሰረውን አንቴና አይቶ "ይህን ቆሻሻ በነፃ ላውርድልህ?" አለኝ። እሺ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ከታች ጠራኝ። ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። "ምንድን ነው የሚለው? እንዳትነካው በለው" አለኝ። የ80 ዓመት ሰው እንዲህ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ተውኩት።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ጊዜ አንቴና ማለት የቤት ሥራ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ለረጅም ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ነበረን፣ ያቺን አንዷን ለማግኘት ደግሞ ረጅም ባሕር ዛፍ ተተክሎ ጫፉ ላይ አንቴና ይታሰር ነበር። ነፋስ ሲነፍስ ይዞራል። ያኔ አባቴ ሳሎን፣ ወንድሜ በር ላይ፣ እኔ ቆርቆሮው ላይ። "መጣ?" "አልመጣም!" "አሁንስ?" "መጥቶ ሄደ!" እጄን ስለቀው ይጠፋል፣ ስይዘው ይጠራል። አንድ ቀን አባቴ "እንግዲያው ዜናው እስኪያልቅ ያዘው" ብሎኛል። ቀልዱን ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዜና አንባቢው ከጎኑ ሌላ ደብዛዛ ዜና አንባቢ አስከትሎ የሚታይበት ጊዜም ነበር፣ አስታወሳችሁ? ያችን ጥላ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰዎች የሚጠይቁኝ "ይሄ የድሮ አንቴና ለዲጂታል ይሠራል ወይ?" ነው። ይሠራል። አንቴና ዲጂታል ይሁን አናሎግ የሚያውቅበት ነገር የለውም። ብረት ነው። ድስት ዶሮ ተሠራበት ሽሮ ግድ የለውም፣ እሱ የሚያውቀው እሳቱንና መጠኑን ነው። አንቴናም የሚያውቀው ፍሪኩዌንሲን፣ ማለት የሬዲዮ ማዕበሉን ድግግሞሽ፣ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ "ኤችዲ አንቴና"፣ "ፎርኬ አንቴና" ተብሎ የሚጻፈው የገበያ ቋንቋ ነው። አንዳንዱማ 250 ማይል ይስባል ይላል። መሬት እኮ ክብ ናት! ተራ የቤት አንቴና ከ60 እና 70 ማይል በላይ ያለ ጣቢያን በአስተማማኝ ሁኔታ ማግኘቱ ብርቅ ነው፣ ምክንያቱም የአድማሱ ጉብታ መሀል ይገባል።

ታዲያ ሰው ለምን አሮጌው አይሠራም ብሎ አመነ? ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ በትክክል በፈረንጆች ጁን 12 ቀን 2009፣ በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሙሉ የአናሎግ ሥርጭታቸውን ዘጉ። በፊት ለፌብሩዋሪ ታስቦ የነበረ ነው፣ ሕዝቡ አልተዘጋጀም ተብሎ ተራዘመ። መንግሥት ለአሮጌ ቴሌቪዥን የምትሆን መቀየሪያ ሣጥን መግዣ 40 ዶላር የምታወጣ ኩፖን ለየቤቱ እስከ ሁለት ድረስ ያድል ነበር። እዚያ ወሬ ውስጥ ማስታወቂያው ሁሉ "ዲጂታል፣ ዲጂታል" ሲል ሰው የተቀየረው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መቀበያ መሆኑን ትቶ ጣራውንም አብሮ ቀየረ። ብዙ ጥሩ አልሙኒየም ያኔ ቆሻሻ ላይ ወደቀ።

ግን "ይሠራል" ብዬ ብቻ ብተዋችሁ ዋሽቻችኋለሁ። ምን ያህል ይሠራል የሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለው፤ ጣቢያዎቹ የት ሄዱ፣ ገመዱ ምን ሆነ፣ አንቴናው ራሱ ምን ዓይነት ነው።

ከጣቢያዎቹ እንጀምር። የቴሌቪዥን ሥርጭት ሦስት ሰፈር አለው። ከ2 እስከ 6 ያለው የታችኛው ቪኤችኤፍ፣ ከ7 እስከ 13 ያለው የላይኛው ቪኤችኤፍ፣ ከ14 በላይ ያለው ዩኤችኤፍ። ቁጥሩ ሲያንስ ማዕበሉ ይረዝማል፣ የአንቴናው ዘንግም አብሮ ይረዝማል። ለጣቢያ 2 በትክክል የሚስማማ ዘንግ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለ7 ከ80 ሳንቲሜትር ትንሽ ያልፋል። ለ36 አንድ ስንዝር ከምናምን፣ 25 ሳንቲሜትር አካባቢ። ጣራችሁ ላይ ያለው ግዙፍ አንቴና ከኋላ ሰፊ፣ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄደው ለዚህ ነው። እነዚያ ረጃጅም የኋላ ዘንጎች ለታችኞቹ ጣቢያዎች የተሠሩ ናቸው፣ ዛሬ በብዙ ከተማ ሥራ ፈት ሆነዋል። አይጎዱም። ነፋስ ይይዛሉ፣ ወፍ ያሳርፋሉ፣ በቃ።

የላይኛው ቪኤችኤፍ ግን አልሞተም። እዚህ ዋሽንግተን ላይ ይህ ጨዋታውን ይቀይረዋል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር የግድ እውነተኛው ቁጥር አይደለም፣ ጣቢያው የድሮ ስሙን ይዞ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። ኤንቢሲ 4 ዛሬ የሚያሰራጨው በዩኤችኤፍ 34 ላይ ነው። ፎክስ 5፣ የ2018ን እና የ2022ን የዓለም ዋንጫ ያየንበት፣ በ36 ላይ ነው። ኤቢሲ 7 እና ሲቢኤስ 9 ግን ከ2009ኙ ለውጥ በኋላ ወደ ድሮ ቤታቸው ተመልሰው እዚያው 7 እና 9 ላይ ተቀምጠዋል። የባልቲሞሮቹ 11 እና 13ም ቪኤችኤፍ ሰፈር ናቸው።

አሁን መስኮት ላይ የምትለጠፈውን ወረቀት መሳይ አንቴና አስቡ። ስፋቷ የአንድ መጽሔት ያህል ነው። ለዩኤችኤፍ ትሆናለች። ለ7 እና ለ9 ግን ክንዷ አጭር ነው። በየቤቱ የምሰማው እሮሮ አንድ ነው፣ "4 እና 5 ጥርት ብለው ይመጣሉ፣ 7 እና 9 ግን ይቆራረጣሉ"። ቴሌቪዥን ቀይረው፣ ገመድ ቀይረው፣ ሌላ መስኮት ሞክረው። መልሱ ግን ጣራ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል! ፊላዴልፊያ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ጠይቁ፣ እዚያ ኤቢሲ በ2009 እዚያው ጣቢያ 6 ላይ፣ በታችኛው ቪኤችኤፍ ቀርቶ፣ ሰው አዲስ አንቴና ገዝቶ ጣቢያውን አጥቶ ነበር። የአሮጌዎቹ የኋላ ዘንጎች እዚያ ሥራ አልፈቱም።

ዩኤችኤፉ ደግሞ እያጠረ መጣ። ሲፈቀድ ከ14 እስከ 83 ነበር። በ1980ዎቹ ከ70 በላይ ያለው ተወሰደ፣ በ2009 ከ52 በላይ ያለው ሄደ፣ ከዚያ በጨረታ ከ38 በላይ ያለው ለሞባይል ኩባንያዎች ተሸጠ። ጣቢያዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ታች ተዛውረው የጨረሱት በ2020 ነው። ዛሬ የቴሌቪዥን ጣሪያው 36 ነው። የድሮው አንቴና ግን ይህን አልሰማም። እስከ 69 ወይም እስከ 83 እንዲስብ ተሠርቷል፣ ይስባል። የሚስበው አሁን ቴሌቪዥን አይደለም፣ የስልክ ማማ ነው። አንቴናው ለብቻው ቢሆን ብዙም ችግር የለውም። ሥሩ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ማለት ሲግናል ማጉያ፣ ካለ ግን አምፕሊፋየሩ በስልኩ ጉልበት ይጨናነቅና የቴሌቪዥኑን ሲግናል አብሮ ያበላሸዋል። ስለዚህ አንቴናውን አቆዩ፣ አምፕሊፋየሩን ጣሉት። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው።

በነገራችን ላይ የእነዚህ አንቴናዎች አያት ጃፓናዊ ነው። በ1926 በቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሺንታሮ ኡዳ እና ሂደትሱጉ ያጊ የሚባሉ ሰዎች አወጡት። አንድ ዘንግ ገመዱን ይይዛል፣ ከኋላው ያለው እንደ መስታወት ይመልሳል፣ ከፊቱ ያሉት ወደ ውስጥ ይመሩለታል። ሥራውን በአብዛኛው የሠራው ኡዳ ነው፣ ስሙ የቀረው ግን የያጊ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር እኛም አገር አይጠፋም። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ እንግሊዞችን ሲንጋፖር ላይ ያሸነፉት ጃፓኖች በአንድ እንግሊዛዊ ማስታወሻ ውስጥ "ያጊ" የሚል ቃል ደጋግመው አግኝተው ግራ ገባቸው፣ ምርኮኛውን ሲጠይቁት "የእናንተው ሰው ስም ነው እኮ" አላቸው ይባላል። ቀጥሎ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሎግ ፔሪዮዲክ የሚባለው ወጣ፣ ያ ዘንጉ እየረዘመ የሚሄደው፣ ብዙ ጣቢያ በአንዴ የሚይዘው። ጣራችሁ ላይ ያለው ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ወይም ሁለቱ ተቀላቅለው ነው። ከዚያ ወዲህ የብረቱ ሳይንስ እምብዛም አልተለወጠም። የዛሬ ምርጥ አንቴና ከ1970ዎቹ ምርጥ አንቴና የሚሻለው በትንሹ ነው፣ የሚበልጠውም መጠኑ በማነሱና ከ36 በላይ ያለውን ባለመሳቡ ነው። ቻናል ማስተርና ዊንጋርድ የሚባሉት አንቴና ሠሪዎች ያኔ የሠሩት ዛሬም በየጣራው ቆሞ ይታያል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። አባቴ "እንዳትነካው" ካለ በኋላ እሺ እንሞክረው ተባለ። የወረደውን ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካን፣ ስካን አደረግን። ሦስት ጣቢያ። ከሦስቱ አንዱ ዕቃ ሻጭ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። አባቴ ግን "ድሮም የሚበላሸው ገመዱ ነው" አለ። ልክ ነበር።

መሰላል ይዤ ወጣሁ። አልሙኒየሙ ግራጫ ሆኗል፣ ይህ ዕድሜ እንጂ በሽታ አይደለም። ከፊት አንድ ዘንግ ተሰብሯል፣ የአንድ መሪ ዘንግ መጉደል የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። ችግሩ ከአንቴናው የሚወርደው ገመድ ነበር። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን በፕላስቲክ የተያያዘ፣ የድሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ይህ ገመድ አዲስና ደረቅ ሲሆን ግሩም ነው። ሲያረጅ ግን ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ ከብረት አጠገብ ሲያልፍም ሲግናሉን ያጣል። የእኔው በቆርቆሮ አሸንዳ ላይ በሚስማር ተመትቶ ነበር! በዚያ ላይ የጠፍጣፋው ገመድ የኤሌክትሪክ ጠባይ 300 ኦም ነው፣ የዛሬው ቴሌቪዥን 75 ኦም ነው የሚፈልገው። በመሀል የምታስታርቃቸው ባለን የምትባል አውራ ጣት የምታክል ነገር አለች። የእኔዋ ውስጧ ዝጎ ዱቄት ሆኗል።

ያደረግሁት ይህን ነው። አንቴናው ላይ ገመዱ የሚታሰርባቸውን ሁለት ቡሎኖች ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቁ ፋቅኋቸው። አዲስ ባለን እዚያው ላይ አሰርኩ፤ ከታች ቴሌቪዥኑ ጋ አይደለም፣ እላይ። ከዚያ አርጂ 6 የሚባለውን ክብ ገመድ ያለ ቅጥያ በአንድ ቁራጭ አወረድኩ። የገመዱ ጫፍ ውኃ እንዳይገባበት ለጎማ ማሸጊያ አልሰሰትኩም። ግማሽ ቀን ፈጀ። ስካን ሲደረግ ከ40 በላይ ጣቢያ ወጣ፣ 7 እና 9 ጭምር። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ምንም አላለም። ዝም ብሎ ሪሞቱን ጠየቀኝ።

አሁን ያ ጥላ። ድሮ ሲግናል ከተራራ ወይም ከፎቅ ነጥሮ ዘግይቶ ሲደርስ ሁለተኛ ምስል ያሳያችሁ ነበር። ዛሬም ይነጥራል። ዲጂታል ግን ጥላ አያሳይም፣ ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም። ድሮ ደካማ ሲግናል ቢሆን ጉንዳን በመሰለ ነጭ ነጠብጣብ መሀል ኳሱን ታያላችሁ። ዛሬ ደካማ ከሆነ ምስሉ በካሬ በካሬ ተቆራርጦ ይቆማል፣ ቀጥሎ ጨለማ። ስለዚህ የሲግናል ትርፍ ያስፈልጋል፣ ለዝናባማ ቀን፣ ለቅጠል ወራት፣ ለሚያልፍ አውሮፕላን። ያን ትርፍ የሚሰጠው ከፍታና ወደ አንድ አቅጣጫ የማየት ጠባይ ነው፣ ሁለቱም ያሉት ጣራ ላይ ያለው አሮጌ አጥንት ጋ ነው። ትክክለኛ አንቴና ከጎን ነጥሮ የሚመጣውን አይቀበልም። የመስኮቷ ወረቀት ሁሉን ትሰማለች።

ገመድና ማከፋፈያም ሲግናል ይበላሉ። ኪሳራው የሚለካው በዲሲቤል ነው፣ ሦስት ዲሲቤል ማጣት ማለት የሲግናሉን ግማሽ ማጣት ማለት ነው። አንዱን ገመድ ለሁለት ቴሌቪዥን የምታካፍል ስፕሊተር ከዚያ ትንሽ ታልፋለች። 100 ጫማ አርጂ 6 ደግሞ በዩኤችኤፍ ላይ አምስት ዲሲቤል ያህል ይወስዳል። አንድ ወንድማችን ቤት ስሄድ የቀድሞው የቤቱ ባለቤት ለአራት ክፍል ያከፋፈለበትን ስፕሊተር አገኘሁ፣ ሦስቱ መውጫ ወደ የትም አይሄዱም፣ ግን ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ነቅዬ ጣልኩት፣ ቴሌቪዥኑ ዳነ። "ስንት ልክፈልህ?" አለኝ። ሽሮ በላሁ።

የማይሆንበትን ጊዜም ልንገራችሁ። ከአንቴናችሁ ግማሽ ዘንጎቹ ከወደቁ፣ ዘንጎቹን ከመሀል ብረቱ የሚለየው ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ብረት ብረቱን ከነካ፣ ወይም ቋሚው ዝጎ እየተወዛወዘ ከሆነ አትታገሉት። ለቪኤችኤፍ ብቻ የተሠራም አለ፣ አጫጭር ዘንግ ፈጽሞ የሌለው። ያ እዚህ 7 እና 9ን ይሰጣችኋል፣ ሌላውን በዕድል። የታሰረበት የጭስ ማውጫ ጡብ ከላላ ደግሞ አንቴናው ምንም ቢያምር ይውረድ። አቅጣጫም አለ። የዋሽንግተን ማማዎች ብዙዎቹ ሰሜን ምዕራብ ዲሲ፣ ቴንሊታውን አካባቢ ናቸው። ባልቲሞር ከዚህ በሌላ ወገን ነው። የድሮ ሰዎች ለዚህ አንቴናውን የሚያዞር ሞተር ነበራቸው፣ መቆጣጠሪያዋ ሳሎን ውስጥ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ትዞራለች። የእኔው ሞተር ወደ ባልቲሞር እንዳየ ደርቆ ቀርቶ ነበር። በእጄ መለስኩት፣ በቁልፍ አጠበቅኩት፣ ካርታው ላይ መስመር አስምሬ ነው እንጂ እንደ ድሮው "መጣ? ሄደ?" እያልኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ብያለሁ።

ጥያቄ ነበር። አንዲት እናት "ኤችኦኤው፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ፣ አንቴና ክልክል ነው ይለኛል" አሉ። እማማ፣ ከ1996 ጀምሮ የኤፍሲሲ፣ የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ደንብ አለ። በራስዎ ወይም ለእርስዎ ብቻ በተሰጠ ቦታ ላይ የአካባቢ ቴሌቪዥን የሚስብ አንቴና ማኅበሩ ሊከለክልዎ አይችልም። ቋሚው ከጣራው ከ12 ጫማ በላይ ከወጣ ግን ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። አፓርትመንት ያላችሁ፣ ይህ የሚሠራው ለበረንዳችሁ ነው፣ ለጋራው ጣራ አይደለም።

አንድ ወጣት ደግሞ "አዲሱ የሥርጭት ዓይነት፣ ኔክስትጄን ቲቪ፣ ሲመጣ ይህም ይጣላል?" አለ። አይጣልም። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ነው የሚመጣው፣ ብረቱ ልዩነቱን አያውቀውም። የሚያስፈልግህ አዲስ መቀበያ ነው፤ አንዳንድ ጣቢያዎች ሥርጭቱን ስለሚቆልፉት የትኛው ሣጥን እንደሚከፍተው አጣርተህ ግዛ። እዚያ ላይ የኔ ንዴት ሌላ ነው፣ ነፃ አየር ላይ ቁልፍ ማድረግ፣ ዛሬ አልገባበትም።

መብረቅን ግን ሳላነሳ አልወርድም። አሮጌ አንቴና ላይ ብዙ ጊዜ የጎደለው ሲግናል ሳይሆን የመሬት ሽቦው ነው። ቋሚው ከቤታችሁ የመሬት መስመር ጋር ቁጥር 10 ወይም ከዚያ በወፈረ የመዳብ ሽቦ ይታሰር። ክቡ ገመድም ቤት ከመግባቱ በፊት በመሬት ማሰሪያ ይለፍ። ቀጥታ የመብረቅ ምትን አያስቀርም፣ ቴሌቪዥናችሁን ግን ቀስ እያለ ከሚከማቸው ኤሌክትሪክ ያድነዋል፣ ኢንሹራንሱም ምክንያት አያገኝባችሁም። የመብራት ሽቦ ቅርብ ካለ፣ ማለት ቋሚው ቢወድቅ የሚደርስበት ከሆነ፣ እናንተ አትውጡ፣ ባለሙያ ጥሩ። አዲስ አበባ ቆርቆሮ ላይ ጫማ አውልቀን የወጣንበት ዘመን ጀግንነት አልነበረም፣ የሚያውቅ ሰው አጥተን ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ አራት አዲስ ባለን አለ። መሰላል ያለው ሰው ቅድሚያ ይወስዳል። መሰላል የሌላችሁ አድራሻችሁን ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ አባቴም ስልክ ላይ ሆኖ "ቀኝ፣ ትንሽ ቀኝ" ማለት አልተወም።